ስለዚያች የፕላቲኒየም ሽቦ፦ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት በሚሞክረው ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ያደረግኩት የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ አባሎቻችን፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ ከፖሊ ግቢ በጠዋት የተነሳችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁም እንኳን ወደ ባህር ዳር በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈው፣ ምክንያቱም ዛሬ የምናገረው ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር ነው።

የዓመቱን ሥራ ቶሎ ልበለው። ሶስት ትምህርት ቤት ሄደን ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ለልጆች አሳይተናል፣ ስቴንለስ ወንፊት ላይ ኒኬልና ብረት እንዴት እንደሚቀባ አዳዲስ አባሎችን አሰልጥነናል፣ የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ራሳችን ጠግነናል፣ ጢስ ዓባይም ሄደን ማመንጫውን አይተን መጥተናል። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ፣ ኮፒው በሩ ጋ ተቀምጧል ውሰዱ።

አሁን ግን ዙሪያችሁን እዩ። ከግማሽ በላይ ወንበሩ ባዶ ነው። አምና እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ቆመው ያዳመጡ ሰዎች ነበሩ። ለምን እንደቀሩ ሁላችንም እናውቃለን፣ በየሻይ ቤቱ እናወራዋለን እንጂ ስብሰባ ላይ ደፍሮ ያነሳው የለም፣ እኔ ላንሳው።

ለአዲስ ሰዎች ትንሽ ከስሩ ልጀምር። ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል በቲዎሪ 1.23 ቮልት ይበቃል፣ በተግባር ግን 1.8፣ 1.9፣ አንዳንዴም ከ2 በላይ ይጠይቅሃል። ከ1.23 በላይ ከሚጨመረው ብዙው የሚበላው ኤሌክትሮዱ ላይ ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ሽቦ ወይም ወንፊት ላይ ማለት ነው። በ1.9 ቮልት አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ላይ 0.1 ቮልት ብቻ ብትቀንስ በየኪሎው 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፍሃል። ሰው ሁሉ ካታሊስት ካታሊስት፣ ማለትም ሥራውን የሚያቀልና የሚያፋጥን ቅብ፣ የሚለው ለዚህ ነው። ለሃይድሮጅኑ ጎን የሚመረጠው ፕላቲኒየም ነው፣ ለኦክስጅኑ ጎን አሲድ ውስጥ ችሎ የሚቆየው ደግሞ ኢሪዲየም ነው፣ እሱን ዓለም በዓመት የሚያወጣው 10 ቶን አይሞላም፣ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪካ ነው። ስለዚህ እኛ የመረጥነው የአልካላይኑን መንገድ ነው፣ በአሲድ ፈንታ የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ፈሳሽ የሚሰራውን፣ ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ኒኬልና ብረት የሚሰሩበትን፣ አቅማችን የሚችለውን።

ይሄ ለኛ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው አለ። ይህ ከጣና የሚወጣው ዓባያችን አስዋን ሲደርስ ግብፆች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱው መብራት ውሃ ከፍለው በሃይድሮጅኑ ማዳበሪያ ይሰሩ ነበር፣ ኋላ ነው ወደ ጋዝ የዞሩት። እኛ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ያስመረቅነው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ማዳበሪያችን ግን ዛሬም በመርከብ ነው የሚመጣው። ቅንጦት አይደለም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ጥር ላይ የሃይድሮጅን ጎን ኤሌክትሮዳችንን መፈተን ጀመርን፣ ወንፊት ላይ የተቀባ ኒኬል ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ተራ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተሻለ፣ በሶስተኛው የባሰ ተሻለ፣ በሳምንቱ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊአምፔር ላይ ከፕላቲኒየም ጋር ሊተካከል ደረሰ። ከረንቱን ከፍ ስናደርገው ፈሳሹ በአረፋ ወተት ሲመስል የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው አይኑ እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። «እየሰራ በሄደ ቁጥር እየነቃ ነው» አልን፣ ተጨበጨበ፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው፣ ጽሁፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገንዘብ ሊሰጠን ያሰበ አንድ አካልም አይቶት ፕሮፖዛል ላኩልኝ አለን።

ከዚያ ከመካከላችን በዕድሜ የምታንሰው ልጅ፣ ያቻት ሶስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ «ኒኬሉ ያው ኒኬል ነው፣ በየቀኑ የሚሻሻለው ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም፣ እኔም አልሰጠኋትም። እሷ ግን አልተወችውም። ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የካርቦኑን ዘንግ አወጣች፣ አሲድ ውስጥ አቆየችው፣ በተጣራ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፣ ለብቻው መስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጋ ከኒኬሉ ማዶ በነበረችው በፕላቲኒየሟ ሽቦ ቦታ ከተተችው። አዲስ ኒኬል፣ አዲስ ፈሳሽ። ሳምንት ሙሉ አሰራችው። በካርቦኑ በኩል ፈሳሹ ቀጭን ሻይ መስሎ ጠየመ፣ ኒኬሉ ግን ወይ ፍንክች፣ ከ200 ሚሊቮልት በላይ ተጨማሪ እየጠየቀ እዛው የመጀመሪያ ቀኑ ላይ ቆሞ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኒኬሉ ማዶ ተቃራኒ ኤሌክትሮድ አድርገን ያስገባነው ፕላቲኒየም ነበር። ፕላቲኒየም አይሟሟም እንላለን እንጂ በዚያ ቮልቴጅ ኢምንት ኢምንት እያለ ይሟሟል፣ በፈሳሹ ተሻግሮ ሄዶ ኒኬሉ ላይ ይለጠፋል፣ በዓይን አይታይም፣ በሚዛንም አይያዝም፣ ግን ሥራውን የሚሰራው እሱ ነው። ርካሽ ኤሌክትሮድ አገኘን ብለን የለካነው ፕላቲኒየምን ነው። ይሄ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፣ በዚህ ሙያ የታወቀ ስህተት ነው፣ ቀድመን ማሰብ ነበረብን።

እንግዲህ ጸቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ ልጥፉ ይውረድ፣ እርማት ይጻፍ፣ ለገንዘብ ሰጪውም እውነቱ ይነገረው አልኩ። ከፊሉ ደግፎኛል፣ ከፊሉ ግን ገንዘቡ እስኪለቀቅ ዝም እንበል አለ፣ «ገመናችንን አደባባይ አወጣኸው» ያለኝም አለ፣ በዚያው ሌሊት ከግሩፑ ተራ በተራ ወጡ። እርማቱን ላክን። ከዚያ ወዲህ ከገንዘብ ሰጪው አንድ መስመር መልስ አልመጣልንም፣ ካዝናችን ውስጥ ስንት እንዳለ በመጀመሪያው አጀንዳ ትሰማላችሁ፣ አያኮራም። እኔ ግን ዛሬም እዛው አቋሜ ላይ ነኝ። ዝም ብለን ገንዘቡን ወስደን ቢሆን በሁለተኛው ዓመት ኤሌክትሮዱን ያለ ፕላቲኒየም ስሩልን ሲሉን ምን ልናሳያቸው ነበር? ንገሩኝ እስቲ።

ዛሬ ላልመጡት አባሎች የምለው አለኝ፣ እንደሚደርሳቸው አውቃለሁ። ባዕድ ነገር ገብቶ ሰው ማሳሳቱ አዲስ አይደለም። በኦክስጅኑ ጎን ኒኬል ጥሩ ነው ሲባል ስንት ዓመት ኖሯል፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ኮሪጋን የሚባል ተመራማሪ ፈሳሹ ውስጥ ሳይታሰብ የገባ ጥቂት ብረት ነገሩን እንደሚቀይረው አሳየ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ፖታሽየም ሃይድሮክሳይዱን ከብረት አጥርተው ሲያዩት ንጹህ ኒኬል ደካማ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ሰዎች ቆሻሻውን ደብቀው ቢያልፉ ኖሮ እኛ ዛሬ ወንፊታችን ላይ አውቀን ብረት የምንጨምርበት ዘዴ አይኖርም ነበር። ያ ቡኒ ቅባችን፣ ያ በየትምህርት ቤቱ የምንኮራበት፣ የዚያ እርማት ልጅ ነው። እሱን ደግሞ ልጅቷ በካርቦን ዘንጉም በኒኬል ሽቦም ደግማ ፈትናዋለች፣ ውጤቱ አልተነቃነቀም። ከናንተ ስንቱ ይህን ሰምቷል? ስለ ውድቀቱ ያልሰማ የለም፣ ይሄኛውን ግን እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው ሁለት ነው።

አንድ ሰው ግን ለብቻቸው ላነሳ ነው፣ ስማቸውን አልጠራም። ጋሼ፣ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችንን ኬሚስትሪ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ያቺን ሽቦ ውጭ አገር ሄደው ከራስዎ ኪስ ገዝተው፣ በመሃረብ ጠቅልለው ይዘውልን የመጡት እርስዎ ነዎት፣ ለማህበሩ ያን ያህል የሰጠ ሰው የለም። እርማቱ ላይ «የፕላቲኒየም ሽቦው ብክለት» ብዬ ስጽፍ እርስዎን እንደሚያምዎ አላሰብኩም፣ ቀድሜ ቤትዎ መጥቼ ልነግርዎት ሲገባኝ ከቴሌግራም ሰሙት፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽቦዋ ምንም አልሆነችም። ኒኬላችንን የምናስተያየው ከሷ ጋር ነው፣ ለየብቻቸው በየራሳቸው ዕቃ ውስጥ፣ ያለ እሷ ማወዳደሪያ የለንም። መሃረቡም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሶስት ጊዜ ቤትዎ መጥቼ አላገኘሁዎትም።

ስለ መዋጮ ብዙ አልልም፣ ያልከፈለ ራሱን ያውቃል። የሚያናድደኝ የፈረቃው ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ አጠገቡ ሆኖ ወደ ባትሪ የሚያዞር ሰው ከሌለ ፈተናው ይቋረጣል፣ ኤሌክትሮዱ ያለ ከረንት ሲያድር ቅቡ ይጎዳል፣ ወር የለፋንበት በአንድ ሌሊት ያልቃል። ግንቦት ላይ እንደዛ ነው የሆነው፣ ተረኛው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ከቀበሌ 14 እስከ ላቦራቶሪው ባጃጅ አጣሁ ማለት ምክንያት ነው? ስልክ መደወል አይቻልም ነበር? እኔ ሌሊት በእግሬ እመጣ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ የ1,000 ሰዓት ፈተና እንጀምራለን፣ በየሰዓቱ ቮልቱ ይመዘገባል፣ መንገድ ላይ የሚጎድል ውሃ በተጣራ ውሃ ይሞላል። የፈረቃ ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያውን ሌሊት ልጅቷ ሞልታዋለች፣ ሁለተኛውን እኔ። የእሁድ ጠዋቱ ላይ ማንም እንዳይጽፍ፣ እሱ የጋሼ ነው፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት፣ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። አጀንዳ አንድ፣ የሂሳብ ሪፖርት። ገንዘብ ያዣችን፣ ወደዚህ።