የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዩሪያው ወንዝ ከመግባቱ በፊት

ከፎገራ የደወሉ ገበሬ፦ «ማሳዬ ወደ ጣና የሚገባው ጉማራ ወንዝ አፋፍ ድረስ ነው። ዩሪያ በበተንኩ ማግስት ዝናብ ሲጥል የት ይገባል? የጣና እንቦጭም ከዚህ ጋር ይያያዛል ይባላል።»

መልስ፦ አዎ፣ ይያያዛል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። አፈር ውስጥ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አሞኒየሙን የሸክላ አፈር ይይዘዋል፤ ናይትሬቱን ግን የሚይዘው የለም፣ ውሃው በሄደበት ይሄዳል። ሰብሉ ያልደረሰበት ከሥር ሰርጎ ወደ ወንዙ ያዘግማል። እንቦጭ ጣና ላይ የታየው በፈረንጆች 2011 ነው፤ የሚያፋፋውም ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነው።

ከወንዙ በፊት ግን ጨቅይቶ የሚከርመው ዳርቻ አለ። እዚያ ክንድ ያህል ይቆፍሩና አፈሩን ይዩት። አመድማ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ካለበት አየር አጥቶ የከረመ ነው። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ሲያጡ በምትኩ ናይትሬቱን ይተነፍሱታል፤ የበሰበሰው ቅጠልና ሥር ቀለባቸው ነው። ናይትሮጂኑም ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል፤ ድሮም ከአየሩ 78 በመቶው እሱ ነው። ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ይሄ የአየር ንብረትን ይጎዳል፤ ቢሆንም ዳርቻው እንዲኖር እመርጣለሁ። ሙቀት ሥራውን ያፋጥነዋል። በፖርቶ ሪኮ ሉኪዮ ደን የከርሰ ምድሩን ውሃ የለኩ ተመራማሪዎች ናይትሬቱ ጅረቱ አጠገብ ሲደርስ በእጅጉ እንደሚቀንስ አይተዋል። ስለዚህ እባክዎ እርሻዎን አፋፉ ድረስ አያድርሱት።

ከባሕር ዳር፦ «ዳሩን ሳር ካለበስነው ይበቃል?»

መልስ፦ ውሃው በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ካላለፈ አይበቃም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ፈሰሱ፣ ማለትም ከማሳው ውሃ የሚያወጣው ቦይ ነው። ለምለም ሳር የለበሰ ዳርቻ እናያለን፤ ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲሉ ግን አንድ ፈሰስ ሳሩን ሰንጥቆ ድፍርሱን በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይጥላል። ናይትሬቱ ባክቴሪያዎቹን ሳያገኝ አለፈ ማለት ነው። ፈሰሱን ሳሩ ጋ ሳይደርስ ያቁሙትና አፉን አስፍተው ውሃው እንዲበተን ያድርጉት።

ከደብረ ታቦር፦ «ባሕር ዛፍስ ብንተክልበት?»

መልስ፦ ውሃውን ስቦ ዳርቻውን ያደርቀዋል፤ አፈሩ አየር ካገኘ ደግሞ ናይትሬቱን ጋዝ የሚያደርገው የባክቴሪያዎቹ ሥራ ይቆማል። ሾላና ደንገል ይሻላሉ። ሳሩን አጭዶ ለከብት መስጠትም ጥሩ ነው፤ የያዘውን ናይትሮጂን ይዞ ይወጣል። ከብቶቹን ግን እዚያው አያስግጡ፤ ሽንታቸው ራሱ ዩሪያ አለበት።