ሽፈራውና የራሴ ደም

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከሐዋሳ፣ ከቤቴ ነው የምቀዳው፤ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱን ብዘጋው በሙቀት ማለቄ ነው።

ሰሞኑን አክስቴ አንድ ላስቲክ የሽፈራው ዱቄት ይዛ መጣች። ላዩ ላይ «አንቲኦክሲደንት፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ይጨምራል» ይላል። አንቲኦክሲደንት ማለት ሴልን ኦክሳይድ እያደረጉ እንደ እሳት የሚያቃጥሉትን፣ ፍሪ ራዲካልና መሰሎቹን የሚያበርድ ነገር ነው። «አንተ ላብራቶሪ ሰርተህ የለ? ይኼ ደም ያጠራል ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ብዬ ባልፋት ይቀለኝ ነበር።

ተማሪ እያለሁ ይህንኑ ቅጠል ሞክሬዋለሁ። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ አልኮሉ ሲተን የሚቀረውን ኤክስትራክት እንለዋለን። ደሙ የራሴ ነበር። ከታች ልዩ ፈሳሽ አድርገን በሴንትሪፊውጅ ስናሽከረክረው ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቢጫው ፕላዝማ ላይ ይቀራል፣ መሃል ላይ እንደ ጉም የሳሳች ቀለበት ትታያለች። ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያሉት እሷ ውስጥ ነው። እሷን ስትመጥጣት እጅህ ከተንቀጠቀጠ አበቃ፣ እንደገና ክንድህን ትሰጣለህ።

ከዚያ ኦክሳይድ ሲሆን አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ይጨመራል። ያ ቁስል የሚጸዳበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲልበት ሴሉ ቦግ ይላል። ቀድመው ሽፈራው የቀመሱት ግን ብርሃናቸው ቀነሰ። ቃጠሎውን አበረደው ብዬ ጮቤ ረገጥኩ! መጠኑን ጨመርኩ፣ ብርሃኑ ጭራሽ ጠፋ። አብሮኝ የነበረው ቴክኒሻን ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ሴሎቹ በሕይወት አሉ?» አለ። ትራይፓን ብሉ ጨመርን፤ ይኼ ቀለም የሞተ ሴል ውስጥ ነው የሚገባው። ማይክሮስኮፑ ስር ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ። ለካ መብራቱ የጠፋው ቤቱ ውስጥ ሰው ስለሌለ ነው።

ደግሞ ይህ የኦክሳይድ እሳት ሁሉ ጠላት አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ባክቴሪያ ሲውጥ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ፍሪ ራዲካል ራሱ ያመርታል፣ ለመግደል ይጠቅመዋል። ይህን የሚያመርተው ኢንዛይም ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰራላቸው ልጆች አሉ። በሽታው ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ ይባላል፤ ከባድ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። እና «ፍሪ ራዲካል ያጠፋል» ሲሉኝ፣ የትኛውን እያልኩ መጠየቅ ልማዴ ሆነ።

ሳህን ላይ ያለ ሴል ሆድም ጉበትም የለውም፣ ያንጠባጠብክበትን ሁሉ በቀጥታ ያገኛል። እኛ የበላነው ግን አንጀት ያሳልፈዋል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ ወንድ አጫሾች ላይ የተሰራው ጥናት በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ቤታ ካሮቲን እኮ ያ የካሮቱ አንቲኦክሲደንት ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ለፈለፍኩ። «ታዲያ ልጣለው?» አለች። ኧረ በፍጹም! ኮንሶዎች ቅጠሉን ከጥንት ጀምሮ እንደ ጎመን ይበሉታል፣ መድኃኒት ነው ብለው ሳይሆን ምግብ ስለሆነ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ግን በማንኪያ ከመቃሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ አልኳት። እሷ ክኒን አትወስድም።

በማግስቱ ሽሮ ላይ ነሰነሰችው። አረንጓዴ ሽሮ! ልጆቹ እምቢ አሉ፣ እኔ ጠርጌ በላሁት።