ንዴት አንጎል ውስጥ የቱ ጋ ነው የሚኖረው? (ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው)

እሺ፣ ሰላም ሰላም! ዛሬ መግቢያ የለም፣ በቀጥታ ወደ ጥያቄያችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ነገር አለ። «ንዴት አንጎል ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው?» «ስንፍናስ?» «ፍቅርስ?» አንዱማ «ቅናት ያለበትን ቦታ አሳየኝና ላስወጣው» ብሏል። ወንድሜ፣ ቢቻልማ መጀመሪያ የራሴን ነበር የማስወጣው።

ጥያቄው ደስ ይላል። ግን ትንሽ ጠማማ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ኳስ እንሂድ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ «ይሄ ሰውዬ ሁሉን ነገር ኳስ ያደርገዋል» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ታገሱኝ።

አንድ ቡድን አስቡ። 11 ሰው። ቡድን ባህሪ አለው አይደል? ፈሪ ቡድን አለ። አንድ ግብ ሲገባበት እርስ በርሱ መጯጯህ የሚጀምር ግልፍተኛ ቡድን አለ። እስከ 80ኛው ደቂቃ አንቀላፍቶ ከዚያ ድንገት የሚነቃ ቡድን አለ፣ የኔ እንደሱ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ቁስሌ ገና አልደረቀም።

አሁን ልጠይቃችሁ። የፈሪው ቡድን ፍርሃት ማን ጋ ነው? በረኛው ጋ? አማካዩ ጋ? ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አስቁማችሁ ብትመረምሩ፣ ጉልበታቸውን ብትለኩ፣ ካልሲያቸውን ብታስወልቁ፣ «ይኸው ፍርሃቱ» የምትሉት ነገር አታገኙም። ፍርሃቱ ያለው በመሃላቸው ነው። ማን ለማን ያቀብላል፣ ማን የማንን ቦታ ይሸፍናል፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ምን ያደርጋል፣ እዚያ ቅብብሉ ውስጥ ነው ያለው። ቅብብሉ ደግሞ ያለ ተጫዋች አይኖርም። ስለዚህ «ባህሪዬ ከአንጎሌ ነው ወይስ ከሥነ ልቦናዬ?» ብሎ መጠየቅ፣ «ያሸነፍነው በተጫዋቾቹ ነው ወይስ በጨዋታው?» እንደማለት ነው። ሥነ ልቦና ጨዋታውን ያያል፣ የአንጎል ሳይንስ ተጫዋቾቹን ያያል። ሜዳው አንድ ነው።

እና ልብ በሉ፣ ይሄ ቡድን አሰልጣኝ የለውም። ጥግ ላይ ቆሞ የሚያዝ ትንሽ ሰውዬ ጭንቅላታችን ውስጥ የለም። ይሄ ነገር ለኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ቴክኒካል ጉዳዩን ቶሎ ልበለው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁም ስለ ኒውሮን የሠራሁትን ቪዲዮ እዩት። 86 ቢሊዮን ገደማ ኒውሮን (መልእክት የሚያቀባብሉ የአንጎል ሴሎች)፣ ውስጥ ለውስጥ በኤሌክትሪክ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል ያወራሉ፣ ዶፓሚን ሴሮቶኒን የምትሏቸው እነዚያ ናቸው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ ሲሸተው ያነቃል፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል አዲስ ትዝታ ያስይዛል፣ ከግንባራችን ኋላ ያለው ክፍል ደግሞ «ቆይ እስቲ» ይላል። አለቀ።

«ቆይ እስቲ» የሚለው ተጫዋች በቀይ ካርድ ቢወጣስ?

በፈረንጆቹ 1848፣ አሜሪካ፣ ቬርሞንት። ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት የባቡር ሐዲድ ሥራ አለቃ ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበት። ከ1 ሜትር የሚረዝም ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ፣ ያን «ቆይ እስቲ» የሚለውን የፊት ክፍል ጎድቶ፣ በአናቱ ወጣ። ሰውየው አልሞተም። ከደቂቃዎች በኋላ ያወራ ነበር! ግን ሐኪሙ ጆን ሃርሎው እንደጻፈው፣ ያ የተረጋጋና ሥራ አዋቂ ሰው ተሳዳቢ፣ ችኩል፣ ያቀደውን ወዲያው የሚተው ሆነ። የሚያውቁት ሰዎች «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ጋ ያቆመዋል። ያናድደኛል። ጌጅ በኋላ ቺሌ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሠረገላ ነድቷል። ሰዓት ማክበር፣ ከመንገደኛ ጋር መግባባት፣ ብዙ ፈረስ በአንዴ መቆጣጠር ይፈልጋል። ፍሬኑ የተበጠሰ ሰው ይሄን አይችልም። በ10 ሰው የቀረ ቡድን ቦታ ቀያይሮ መጫወቱን ይቀጥላል፣ እንደዚያ በሉት። ደግሞ አንድ ቦታ ሲጎዳ ባህሪ ተለወጠ ማለት ባህሪው የሚኖረው እዚያ ነበር ማለት አይደለም፤ በረኛው ወጥቶ 5 ግብ ቢገባ «ማሸነፍ የነበረው በረኛው ጓንት ውስጥ ነው» አይባልም።

አሁን ወደ… ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ሳልናገር አላልፍም። «የምንጠቀመው የአንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ ነው፣ ለምን አትነግረንም?» የምትሉኝ። አልነግራችሁም፣ ምክንያቱም ውሸት ነው! አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ ገደማ ይበላል። 90 በመቶው ሥራ ፈት የሆነ ነገር ይሄን ያህል ይቀለባል? ስትሮክ ትንሽ ቦታ መትቶ ሰውን ንግግር ያሳጣል። 90 በመቶው ባዶ ቢሆን አብዛኛው ጉዳት ምንም ባላደረገን ነበር። ተኝታችሁ እንኳ ሥራ ላይ ነው።

«ግን ሁሉም በአንዴ አይሠራም እኮ» ያለችኝ ልጅ ደግሞ ልክ ናት። እሱማ ጥሩ ነገር ነው። ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ አይታችኋል? በረኛው ሳይቀር ሁሉም ኳሷን ይከባል። አንጎል ውስጥ ብዙ ኒውሮን ከመጠን በላይ አንድ ላይ ሲተኩስ የሚጥል በሽታ ነው የሚያስነሳው። ስለዚህ እባካችሁ፣ «100 በመቶ ልጠቀም» አትበሉ።

ብዙ ደቂቃ በላሁ። ቅናቱን ሊያስወጣ የነበረው ወንድሜ ግን መልስ ይገባዋል። የሚወጣ ተጫዋች የለም። ጨዋታው ግን ተጫዋቹን ይለውጣል፣ ይሄን ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ አይተውታል። እዚያ የታክሲ ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጋ መንገድ በቃል መያዝ አለ። በፈረንጆቹ 2000 በወጣው ጥናት የሾፌሮቹ ሂፖካምፐስ የኋለኛው ክፍል ከሌላው ሰው ተለቅ ብሎ ተገኘ። «ምናልባት ድሮም ትልቅ ያላቸው ናቸው ሾፌር የሚሆኑት» ትላላችሁ፣ ጎበዞች። ተመራማሪዎቹም አስበውታል። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው ጥናት 79 ሠልጣኞችን ከጅምሩ ተከታተለ። መጀመሪያ ላይ ልዩነት የላቸውም። ከዓመታት በኋላ ያለፉት 39 ሰዎች ላይ ያ ቦታ አድጎ ተገኘ፣ ያላለፉት ላይ አልተለወጠም። ቅናት እንደ መንገድ በቃል የሚጠና ነገር አይደለም፣ ያን አልልህም። ግን ቅብብልህ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም።

በሉ፣ ላይክ፣ ሰብስክራይብ፣ ደወሏን አትርሷት። የኔ ቡድን ጨዋታ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ምንም አላመለጠኝም፣ ገና 80ኛው ደቂቃ አልደረሰም።