ከግሩፕ ያስወጣኝ ማነው?

የተከበራችሁ የሕንፃ ኮሚቴ አባላት፣ የየብሎኩ ግሩፕ አድሚኖች፣ እናቶችና አባቶች፣ የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፦ እንደምን አረፈዳችሁ።

ቱሉ ዲምቱ የከተማው ጫፍ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከደጃችን ይነሳል፤ ጉዳይ የምናስፈጽምባቸው ቢሮዎች ግን አብዛኞቹ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ የኑሯችን ወሬ ሁሉ የሚደርሰን በስልክ ነው። የውሃው ፈረቃ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ የጠፋ ልጅ፣ የለቅሶ ጥሪ፣ የመዋጮ ማስታወቂያ፣ ሁሉም በግሩፕ ነው የሚነገረው። እዚህ ሰፈር ከግሩፕ የተወገደ ሰው ጎረቤቶቹ መሐል እየኖረ ወሬ አይደርሰውም።

በጥቅምት አንዲት ጎረቤቴ በብሎካችን ግሩፕ ላይ ስለ ውሃ ፓምፑ መዋጮ ጠየቀች። «ስንት ተሰበሰበ? ደረሰኙስ የታለ?» አለች። ስድብ የለበትም፣ ማንንም በስም አልጠራችም። ማታውን ከግሩፑ ተወገደች። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ውሃ ሲለቀቅ «መጥቷል፣ ቅዱ» የሚለው መልእክት እሷ ዘንድ አልደረሰም። ጠዋት የበርሜሏን ክዳን ብታነሳ ባዶ ነው፤ ከእኛ ቤት አንድ ጄሪካን ወስዳ ልጆቿን አጣጥባ ትምህርት ቤት ላከች። ከዚያ ማን እንዳስወጣት ልትጠይቅ ተነሳች። ግሩፑ ሦስት አድሚኖች አሉት፤ ሦስቱም «እኔ አይደለሁም» አሏት። ቴሌግራም አድሚኖች የሠሩትን መዝግቦ የሚያሳየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። አንደኛው አድሚን «እስቲ ልየው» ብሎ ሲከፍተው ጊዜው አልፏል። እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። መልእክት የሚያጠፋና ሰው የሚያስወጣ ሁሉ ስሙና ምክንያቱ ይታወቅ፤ ውሳኔውንም ሌላ ሰው ይየው። ይህ ከሌለ ቴሌግራም ላይ ብንሆንም፣ ወጣቶቻችን እንደሚሉት የራሳችንን ሰርቨር (መልእክቶቻችንን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ብንተክልም፣ የምንቀይረው ቤቱን እንጂ አኗኗሩን አይደለም።

የወጣቶቹን ሐሳብ ግን በቀላሉ አላየውም። የሚሉት ይህ ነው፦ የአንድ ሩቅ ኩባንያ ጥገኛ ከመሆን እንደ ማስቶዶን ያለ ያልተማከለ መረብ ውስጥ እንግባ። ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊቀይረው የሚችል ነፃ የማኅበራዊ መገናኛ ሶፍትዌር ነው። ማንም የራሱን ሰርቨር ተክሎ፣ የራሱን ደንብ አውጥቶ፣ ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ ሰርቨሮች ጋር መልእክት ሊለዋወጥ ይችላል። ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያዝ ባለቤት የለም።

ለዚህ ሐሳብ ያነሳሳቸው ቁስልም እውነተኛ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በፌስቡክ ኩባንያ ላይ ናይሮቢ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ እንደሚለው፣ ከግድያው በፊት ፎቷቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ይነሳ ብሎ ቢያመለክትም ኩባንያው በጊዜ አላነሳውም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ነው። አንድ ተረት፣ አንድ ቅጽል ስም፣ አንድ የሰፈር ምልክት ሰው ሊያስገድል እንደሚችል የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ደንብ አስከባሪው እዚሁ ከእኛ መሐል ይሁን የሚሉት ልጆች ልክ ናቸው።

ያልተማከለ መረብ አጥፊን መመከት አይችልም የሚለውንም አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዘረኛ ጽሑፎቹ የሚታወቀው ጋብ የተባለ ማኅበራዊ መገናኛ የማስቶዶንን ሶፍትዌር ወስዶ ወደዚያ መረብ ገባ። ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ የሠራው ኦይገን ሮችኮ እንኳ ሊከለክለው አልቻለም። የየሰርቨሩ አስተዳዳሪዎች ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ውሳኔ መስመራቸውን ዘጉበት። ጋብ መረቡ ውስጥ ሆኖ የሚያናግረው አጣ። አለቃ ሳያዛቸው ያንን ማድረጋቸው እኔን በጣም ያስደስተኛል።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ ያልተማከለ መረብ የሚናገሩ ሰዎች ተጠያቂነትን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ «ካልተመቸህ ወደ ሌላ ሰርቨር ሂድ» ነው። ማስቶዶን ላይ ይህ በከፊል ይሠራል፤ ተከታዮችህን ይዘህ መሄድ ትችላለህ፣ የጻፍከው ግን እዚያው ይቀራል። ለአገር ጉብኝት ፎቶ ለሚለጥፍ ሰው ይበቃው ይሆናል። ጎረቤቴ ግን ወዴት ትሂድ? የእሷ ብሎክ አንድ ነው፤ ውሃው የሚመጣው እዚያ ነው፤ ዕጣ የወጣላት እዚያ ነው። መውጣት የሚከብደው ሰው ባለበት ቦታ «ውጣ» ማለት ፍርድ አይደለም፣ ማባረር ነው።

ደግሞም መረቡ በሰፋ ቁጥር የተሰራጨ ነገር አይሰበሰብም። አንድ ወጣት ፎቶው «ይህ ሌባ ነው፣ ተጠንቀቁ» ተብሎ ከነብሎክ ቁጥሩ ተለጠፈ። አክስቱን ሊጠይቅ የመጣ ልጅ ነበር። አድሚኑ ሲነገረው ወዲያው አጠፋው፤ ፎቶው ግን ወደ ሌሎች ግሩፖች ፎርዋርድ ተደርጎ አልፏል። በማስቶዶንም አንዱ ሰርቨር ሲያጠፋ ለሌሎቹ «እናንተም አጥፉ» የሚል መልእክት ይልካል፤ የማጥፋቱ ነገር ግን የተቀባዩ ፈንታ ነው። ስለዚህ የሰው ፊት ከመለጠፉ በፊት የሚያስቆም ደንብ ያስፈልገናል፤ ከተለጠፈ በኋላ አድሚኑ ቢሮጥም አይደርስም።

ታዲያ ከየት እንማር? ከእድራችን። እድር ባለቤት የለውም፣ መንግሥትም ኩባንያም አያዘውም፤ ግን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ቅጣቱ በደንቡ ተጽፏል፤ መዝገቡን ማንም አባል ጠይቆ ያያል። ማንም የእድር ዳኛ ሌሊት ብቻውን ተነስቶ የአባል ስም ከመዝገብ አይሰርዝም። ቢሰርዝ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚሰረዘው የእሱ ዳኝነት ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ።

በኢንተርኔትም ያደረጉት አሉ። ዊኪፔዲያ ላይ አስተዳዳሪ ገጽ ሲያጠፋ ወይም ተጠቃሚ ሲያግድ፣ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እና ለምን እንደሆነ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይሰፍራል። በኦፊሴላዊው የማስቶዶን ዝርዝር መግባት የሚፈልግ ሰርቨርም በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ ሊይዝ፣ ከባለቤቱ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው የሰርቨሩን መግቢያ ቁልፍ ሊይዝ፣ ሊዘጋ ካሰበም ለአባላቱ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ቃል ይገባል። ሰርቨር ልንተክል ብንወስን ይህ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ። አንድ ልጅ ብቻውን ቁልፉን ይዞ አረብ አገር ቢሄድ ምን ይውጠናል?

«ሕግ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጭ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። ልናውቀው ይገባል። የጎረቤቴን ጉዳይ ግን ይህ አዋጅ አይፈታውም፤ የመዋጮ ደረሰኝ ስለጠየቀች የተወገደችን ሴት የምንመልሳት እኛው ነን።

አድሚኖቻችንንም ላስታውስ። ያለ ደመወዝ፣ ሌሊት እየተነሱ፣ የብሔር ስድብ እያጠፉ፣ «አውቅሃለሁ፣ ቤትህን አውቃለሁ» እየተባሉ ነው የሚሠሩት። ስማቸው ይታወቅ ስል ለብቻቸው ይጋፈጡት ማለቴ አይደለም። ደንቡ የሁላችን ፊርማ ካለበት፣ የተናደደ ሰው የሚጣላው ከደንቡ ጋር ይሆናል። በአንድ ሰው ላይ ለሚነሳ ዛቻም ኮሚቴው በሙሉ ይቆማል።

በእጃችሁ ያለው ረቂቅ አጭር ነው። የሚያስወጣ አድሚን የራሱን ስምና የተጣሰውን አንቀጽ ጠቅሶ እዚያው ግሩፕ ላይ ይጽፋል፤ ጸሐፊው ደብተር ላይ ይገለብጠዋል፣ 48 ሰዓቱ እንዳያልፍብን። የተወገደ ሰው ላልወሰነው አድሚንና ለሁለት ነዋሪዎች አቤት ይላል፤ መልስ እስኪያገኝ የውሃና የአደጋ ማስታወቂያ ለብቻው ይላክለታል። የሰው ፎቶ በጥርጣሬ አይለጠፍም። ስለ ገንዘብ የጠየቀ ሰው በጥያቄው አይወገድም።

የአቤቱታው ጊዜ ስንት ቀን ይሁን የሚለውን ባዶ ትተነዋል፤ ሦስት ቀን የሚሉም ሳምንት የሚሉም አሉ። ከዚያ እንጀምር። እጅ እያወጣችሁ፣ የብሎካችሁን ቁጥር እየጠራችሁ ተናገሩ። አመሰግናለሁ።