ካፓሲታንሱን የሚሞላው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ዛሬም የምናገረው ከባሕር ዳር ነው። የዚህ ክፍል ርእስ በፈጣን ሰርኪዩቶች ግቤት (ሲግናል በሚገባበት ጫፍ) ላይ ሳንፈልገው የሚገኘው ትርፍ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የማከማቸት አቅም፣ ሲሆን፣ ጉዳዩን ለብዙ ጊዜ ሳስተምረውም ብቻዬን ሳሰላስለውም ስለ ኖርሁ አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ከካፓሲታንሱ ይልቅ እሱን የሚሞላው ሬዚስታንስ (ከረንቱ የሚያልፍበት ተቃውሞ) ሊያሳስበን ይገባል ባይ ነኝ።

ማንኛውም የቺፕ ግቤት ወደ ግራውንድ የተያያዘ ትንሽ ካፓሲተር ከጀርባው አለው። የትራንዚስተሩ ጌት፣ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚከላከሉት ዳዮዶች፣ የቺፑ እግር ማለትም ፒኑና እግሩ የተበየደበት መዳብ ሁሉም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ፤ ድምሩም ብዙ ጊዜ ጥቂት ፒኮፋራድ ይሆናል። 5 ፒኮፋራድ በ1 ሜጋኸርዝ 32 ኪሎ ኦም ገደማ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ስላለው ማንም አያስታውሰውም፤ በ1 ጊጋኸርዝ ግን ያው ካፓሲተር 32 ኦም ብቻ ስለሚሆን ሲግናሉን ወደ ግራውንድ ይጎትተዋል።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ «መምህር፣ ታዲያ ካፓሲታንሱ ያነሰ ቺፕ ለምን አንገዛም?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጻሕፍቱም በቅድሚያ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ የተጻፉት የታዘዘ ዕቃ በማግሥቱ በር ላይ ለሚደርስለት ሰው ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ያለ መሐንዲስ የሚፈልገው ቺፕ አዲስ አበባ ከሌለ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ስላለበት፣ የግቤቱን ካፓሲታንስ እንደማይለወጥ ነገር ተቀብሎ በእጁ ያለውን ነገር ማስተካከል ይሻለዋል። በእጁ ያለው ደግሞ ሬዚስተሩና ቦርዱ ላይ የሚስለው የመዳብ መስመር ነው።

በሜጫ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ኩሬው ቶሎ መሙላቱን የሚወስነው የኩሬው ስፋት ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚያመጣለት ቦይ ስፋትም ነው። በቁጥር ስናየው፣ 5 ፒኮፋራድ በ10 ኪሎ ኦም በኩል ሲሞላ ቮልቴጁ ከ10 በመቶ ወደ 90 በመቶ ለመውጣት 110 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል፤ በ50 ኦም በኩል ከሆነ ግን 0.55 ናኖሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። ቺፑ ያው፣ ፒኑም ያው ነው። መጨረሻው ላይ በ50 ኦም ሬዚስተር የተዘጋ የ50 ኦም መስመር (ለሚጓዝበት ሲግናል 50 ኦም መስሎ የሚታይ መስመር) ሲሆን ደግሞ መስመሩና ሬዚስተሩ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ካፓሲተሩ የሚያየው 25 ኦም ነው፤ ጊዜውም በዚያው ልክ በግማሽ ይቀንሳል።

ይህ ሐሳብ ይበልጥ ፍሬያማ ሆኖ ያገኘሁት በኦፕ አምፕ፣ ማለትም ሲግናል በሚያጎላ ሁለት ግቤት ባለው ቺፕ፣ ላይ ነው። ሲግናሉን በሚገለብጠው ግቤት ላይ 5 ፒኮፋራድ አለ እንበል፤ ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) የሚወስኑት ሁለቱ ሬዚስተሮች፣ አንዱ ከሲግናሉ ምንጭ የሚመጣው፣ ሌላው ውጤቱን ወደ ግቤቱ የሚመልሰው የፊድባክ ሬዚስተር፣ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ኦም ከሆኑ ካፓሲተሩ የሚያያቸው እንደ 5 ኪሎ ኦም ስለሆነ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሲግናል ከ6.4 ሜጋኸርዝ ገደማ ጀምሮ መዘግየት ይጀምራል። የአምፕሊፋየሩ የጌይንና የባንድዊድዝ (የሚያሠራው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ብዜት 100 ሜጋኸርዝ ቢሆን ይህ መዘግየት የስኩዌር ዌቩን ጫፍ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲብስም አምፕሊፋየሩን ወደ ኦሲሌተር (በራሱ ወደሚወዛወዝ ሰርኪዩት) ይለውጠዋል። የተለመደው መድኃኒት በፊድባክ ሬዚስተሩ ጎን ትንሽ ካፓሲተር ማድረግ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 5 ፒኮፋራድ መሆኑ ነው። መንቀጥቀጡ በእርግጥ ይቆማል፤ ባንድዊድዙ ግን ወደ 3.2 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፤ ይህም ፈጣን አምፕሊፋየር ገዝቶ ማሰር ነው። ሁለቱን ሬዚስተሮች ወደ 500 ኦም ብናወርዳቸው ግን ያ የመዘግየት ነጥብ ወደ 127 ሜጋኸርዝ ይሸሻል፤ አምፕሊፋየሩ በዚህ አሠራር ከሚደርስበት 50 ሜጋኸርዝም ይርቃል። ዋጋው ተጨማሪ ከረንት ነው፤ የሲግናሉ ምንጭም ሆነ የአምፕሊፋየሩ ውጤት 500 ኦም መሸከም አለባቸው። ከዚህ በተጨማሪ በዚያ ፒን ሥር ያለውን የግራውንድ መዳብ ቆርጦ ማውጣት ካፓሲታንሱን ያለ ምንም ወጪ ይቀንሳል።

የሚለር ውጤት የሚባለውንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ጆን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1920 በቫኩም ቱቦ ላይ የገለጸው ነው። በጌት (በትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር)ና በድሬን (በውጤት እግሩ) መካከል ያለ 2 ፒኮፋራድ፣ ጌይኑ 50 በሆነና ሲግናሉን በሚገለብጥ ትራንዚስተር ላይ፣ ከግቤቱ በኩል ሲታይ 102 ፒኮፋራድ ይመስላል። ከላይ ሌላ ትራንዚስተር ደርቦ ካስኮድ የሚባለውን አሠራር መሥራት ይህን ብዜት ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል።

መስመሩ ከሲግናሉ ጠርዝ (ቮልቴጁ ከሚወጣበት ወይም ከሚወርድበት ቅጽበት) አንጻር ረጅም ሲሆን ከመዘግየቱ ሌላ ነጸብራቅ ይመጣል። 500 ፒኮሰከንድ የሚፈጅ ጠርዝ በ50 ኦም መስመር ላይ 2 ፒኮፋራድ ሲያገኝ 10 በመቶ ያህሉ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሬዚስታንሱን መቀነስ ብዙም አይረዳም፤ የሚሻለው ካፓሲታንሱን የመስመሩ አካል ማድረግ ነው። በፒኑ አካባቢ የመዳቡን መስመር ቀጠን ማድረግ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) ይጨምራል፤ ለ1 ፒኮፋራድ የሚያስፈልገው 2.5 ናኖሄንሪ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጣመሩ እንደ ገና 50 ኦም ይመስላሉ። ብዙ ቺፖች በእኩል ርቀት የተደረደሩበት መስመር ላይም ስሌቱ ይኸው ነው። ባዶው መስመር በሴንቲ ሜትር 1.3 ፒኮፋራድ ገደማ አለው፤ ቺፖቹ ያንኑ ያህል ቢጨምሩበት 50 ኦሙ ወደ 35 ኦም ስለሚወርድ፣ መጨረሻ ላይ የሚዘጋው ሬዚስተርም 35 ኦም መሆን አለበት። መስመሩን ሲስሉ 50 ኦም ስለ ነበረ ብቻ 50 ኦም የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ እኔ አላደርገውም።

የቀረው መለኪያው ነው። ተራው የኦሲሎስኮፕ (የሲግናልን ቅርጽ የሚያሳይ መለኪያ) ፕሮብ፣ ማለትም መንኪያው፣ ሲግናሉን በአሥር በሚያካፍልበት አቀማመጡ 10 ፒኮፋራድ ገደማ፣ ሳያካፍል ሲቀር ደግሞ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሚጨምር፣ 2 ፒኮፋራድ ያለውን ፒን በእሱ መመርመር የሚያሳየው ፕሮቡ ራሱ የፈጠረውን ሰርኪዩት ነው። ለፈጣን ሲግናል የተሠራ ፕሮብ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ የ950 ኦም ሬዚስተር ጫፉ ላይ የተበየደበት የ50 ኦም ኮአክሲያል ኬብል ግን፣ የኦሲሎስኮፑ ግቤት በ50 ኦም ከተዘጋ፣ ሲግናሉን በ20 አካፍሎ ከ1 ፒኮፋራድ ባነሰ ጭነት ያሳያል። በትክክል 950 ከጠፋ 1 ኪሎ ኦም ያገለግላል፤ ማካፈያው 21 ይሆናል። ሰርኪዩቱን ግን በ1 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሚጭነው፣ ለ50 ኦም መስመር እንጂ ለ10 ኪሎ ኦም ነጥብ አይሆንም።