የሰማይ ስፌት

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ የወጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ጋቢ የደረባችሁ፣ ደብረ ብርሃን ነውና ግማሹ አዳራሽ ደርቧል፣ እስኪ መሃሉን በጣታችሁ ዳስሱት። አገኛችሁት? ያቺ ቀጭን መስመር ስፌቷ ናት። ሸማኔው አንዱን ስፋት ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ ሠርቶ ነው የተገጠመው። ጥሩ እጅ ከገጠመው ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያገኘዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ መስመር ነው። ጋቢው ግን ሰማይ ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ጣርማበር ላይ ነው። ታኅሣሥ ነበር፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት። ፍኖተ ሐሊብን ከአድማስ እስከ አድማስ ላስቀር ብዬ ወጣሁ። በአንድ ፎቶ አይሆንም። ስለዚህ ካሜራውን ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ 24 ፎቶ አነሳሁ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ስገጣጥመው የወጣልኝ የተጣጣፈ ቡትቶ ነበር። አንዱ ቁራጭ ቢጫ ነው፤ ከገደሉ ሥር የደብረ ሲና መብራት ገብቶበታል። አንዱ ግራጫ ነው፤ ሌንሱ ላይ ውርጭ ይዟል። ሁሉም መሃሉ ፈካ፣ ጥግ ጥጉ ጨለም ያለ ነው። ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ አልተገናኙም። ብርዱ ሲብስብኝ ቸኩዬ ካሜራውን ከሚገባው በላይ አዙሬዋለሁ። ተናድጄ ለሳምንት ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም።

በኋላ ሳነብ ግን ታላላቆቹም በዚሁ ጣጣ እንዳለፉ አየሁ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎማር የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ያለ የሽሚት ቴሌስኮፕ፣ ሰፊ ሰማይ ባንዴ የሚያነሳ ዓይነት ነው፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ሰማይን መቀየስ ጀመረ። አዎ፣ መሬት እንደሚቀየስ ሰማይም ይቀየሳል። ያኔ ዲጂታል ካሜራ የለም። ፎቶው የሚነሳው ጎኑ 35 ሳንቲሜትር በሆነ፣ እንደ ፊልም በሚያገለግል መስታወት ላይ ነው። ቴሌስኮፑ የሚፈጥረው ምስል ጎበጥ ያለ ስለሆነ መስታወቱንም ትንሽ አጉብጠው ነበር የሚያስገቡት። መስታወት ማጉበጥ! እኔ እንኳን ላጎብጥ፣ ብርጭቆ ሳጥብም እሰብራለሁ።

አንዱ መስታወት ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ሰማይ ይይዛል። 13 ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢሰለፍ ማለት ነው። ቀጣዩ ፎቶ ግን የሚራመደው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር ይደራረባል። ጣርማበር ላይ የጎደለኝ ይኸው ነው። በሁለቱም ፎቶ ላይ የሚገኙ ከዋክብት ከሌሉ ኮምፒውተሩ የቱ ከየት እንደሚገጥም በምን ያውቃል?

የደቡቡን ሰማይ አውስትራሊያ ያለ ሌላ የሽሚት ቴሌስኮፕ አነሳው። ኋላ መስታወቶቹ በስካነር ተነበቡ። ከዚያ በ2010 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ሪሰርች 1,791 ጥንድ ወሰደ፤ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ ብርሃን የተነሳ። አንድ ወጥ የሰማይ ምስል ሠራበት። አንድ ትሪሊዮን ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥብ! በወረቀት አስልቼዋለሁ። ሁሉንም ባንዴ ለማሳየት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ቴሌቪዥን ያስፈልጋል። ያውም መብራት ካልጠፋ።

የመግጠሙን ጣጣ በሁለት ቃል ልለፈውና ወደ ዋናው ልምጣ። ሰማይ ከእኛ ሲታይ የኳስ ውስጠኛ ገጽ ነው። ፎቶ ደግሞ ዝርግ ነው። ኳስ በጋቢ ጠቅልሉ፣ መሸብሸቡ አይቀርም። ያንን መሸብሸብ ሒሳብ ያቃናዋል። ለዚህ ቋሚ ቀመር ስላለው ብዙም አያጣላም።

የሚያጣላው ብርሃኑ ነው። አንዱ መስታወት የተነሳበት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ የጎረቤቱ ሌሊት ደብዘዝ ያለ። የሌንስ ጠባይ ሆኖ ጠርዝ ላይ ብርሃን ያንሳል። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የሻይ ቤት ወለል ይመስላሉ፣ ጠቆር፣ ፈዘዝ፣ ጠቆር።

ታዲያ እንዴት አለሰለሱት? ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ በእግር ጣርማበር ሄዳችሁ እንበል። ከፍታችሁን አታውቁም። የምትመዘግቡት እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል ሽቅብ፣ ምን ያህል ቁልቁል እንደሆነ ብቻ ነው። ያንን ደምራችሁ መንገዱን በሙሉ ትስላላችሁ። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። የፒክሰሉን ድምቀት ይተውና ከጎረቤቱ ያለውን ልዩነት ይይዛል። ስፌቱ ላይ ሲደርስ ድንገት ገደል ያገኛል። «ይሄ የውሸት ገደል ነው» ብሎ ልዩነቱን ዜሮ ያደርገዋል። ከዚያ ሁሉንም ልዩነቶች በተቻለ መጠን የሚያስማማ አንድ ምስል ይፈልጋል። ገደሉ ይጠፋል፣ ሰማዩ አንድ ጋቢ ይሆናል።

እኔም ይህንኑ ዘዴ በ24ቱ ፎቶዎቼ ሞከርኩት። አማረ! ለጓደኞቼ ላክሁላቸው፣ ወደዱት። አንድ ሌሊት ግን ከዋናዎቹ ፎቶዎች ጋር ሳመሳክረው አንድ ነገር አጣሁ። ኦሪዮን ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ አጠገብ እንደ ጭስ የሳሳ፣ ሰፊ ብርሃን ነበር። ፕሮግራሙ ከደብረ ሲና መብራት ጋር አብሮ ጠርጎታል።

ጣርማበር ላይ ያለው ገደል እውነተኛ ነው፣ ልጆች። በስህተት «ስፌት ነው» ብላችሁ ብትደለድሉት ካርታችሁ ያምራል፣ መኪናው ግን ይገለበጣል። ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። የተለሰለሰው ምስል ለማየት ነው። ለመለካት የሚኬደው ወደ መስታወቱ ነው። የኮከብን ድምቀት ከለሰለሰ ምስል ላይ የሚለካ ተማሪ ካለ ውጤቱን አልቀበልም። መምህራኖቻችሁም አይቀበሉ።

ስፌቱ ላይ ዘመንም አለ። ከዚህ ወዲያ ያለው መስታወት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ከ30 ዓመት በኋላ የተነሳ ሊሆን ይችላል። የባርናርድ ኮከብ የሚባል በዓይን የማይታይ ትንሽ ኮከብ አለ። በ30 ዓመት ውስጥ የጨረቃን ስፋት አንድ ስድስተኛ ያህል ይጓዛል። እንዲህ ያለ ኮከብ ስፌት ላይ ቢውል ሁለት ቦታ ሊታይ ወይም ከናካቴው ሊጠፋ ይችላል። የተነሳበት ቀን ካልተጻፈ አዲስ ኮከብ አገኘሁ ብላችሁ ትጨፍራላችሁ።

ይህን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማችሁ ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1456 እ.ኤ.አ. የመጣው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህን ማመሳከር የቻሉት ብርሃኑ ታየ ብሎ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።

ዛሬ ቺሊ ውስጥ ያለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ በአንድ ፎቶ የቆዳ ስፋቱ ከ40 ሙሉ ጨረቃ የሚበልጥ ሰማይ ያነሳል። ካሜራው 3,200 ሚሊዮን ፒክሰል ነው። እሱም ቢሆን ይደራርባል፣ ይገጥማል፣ ጥሬውን ፎቶም ያስቀምጣል።

በቃ፣ ወሬ አበዛሁ። አሁን ሁለት ምስል አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ የጣርማበሩን ቡትቶ፣ እንዳለ፣ ከነክፍተቱ። ቀጥሎ የተለሰለሰውን። ኦሪዮን አጠገብ የጠፋውን ጭስ መጀመሪያ ያገኘ እጁን ያውጣ። እባካችሁ በሩ አጠገብ ያላችሁ፣ መብራቱን አጥፉልን።