ድረ ገጻችሁ ወረቀት ላይ ሲወጣ ምን ይመስላል?

[ስክሪን፦ አንድ የማስታወቂያ ገጽ፣ ከጎኑ የፕሪንት ቅድመ እይታው]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ናችሁ?

አራት ኪሎ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ትንሽ ብትቆሙ ይህን ታያላችሁ። አንዲት ተማሪ የምዝገባ መመሪያ ፕሪንት ልታስደርግ ትመጣለች። ሊንኩን በቴሌግራም ትልካለች። ልጁ ከፍቶ ፕሪንት ሲለው ሰባት ገጽ ይላል። መመሪያው ራሱ ሁለት ገጽ አይሞላም። የተረፈው ሜኑ ነው፣ ማስታወቂያ ነው፣ የፌስቡክ ምልክት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ያረፈበት ወረቀት አለ። ክፍያው በገጽ ነው። ገጹን የሠራው ሰው ሳይጨርስ የተወውን ሥራ እሷ ከኪሷ ትከፍልበታለች።

ስለዚህ የዛሬው ቪዲዮ ድረ ገጽ ለምትሠሩ ነው። "አሁን ማን ፕሪንት ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እኛ ጋ ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው በወረቀት ነው። "ሃርድ ኮፒውን ይዘህ ና" ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እድለኛ ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የወጣው ሁለተኛው የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) እትም አንድን ገጽ ለስክሪን ሌላ፣ ለወረቀት ሌላ መልክ መስጠት አስችሏል። ደንቡ "ሚዲያ ፕሪንት" ይባላል። እዚያ ውስጥ የምትጽፉት የሚሠራው ገጹ ሲታተም ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው አይነካም።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ የማይጠቅመውን ሁሉ ደብቁ፦ ሜኑ፣ የፍለጋ ሳጥን፣ ማስታወቂያ፣ ቪዲዮ። በተለይ ወደ ታች ስትወርዱ አብሮ የሚወርደውን አሞሌ እንዳትረሱት። እሱ በእያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ እየታተመ ጽሑፉን ይሸፍናል።

ቀጥሎ ቀለም። ብሮውዘሮች የጀርባ ቀለምን ካልታዘዙ አያትሙም። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል ከተጠቀማችሁ ጀርባው ይቀርና ፊደሉ ይፈዛል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም። ለወረቀት ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ አድርጉ፣ አለቀ።

[ስክሪን፦ "ቡ" እና "ቢ" በ8 ነጥብና በ12 ነጥብ፣ ጎን ለጎን]

የፊደል መጠን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይሄ የኛ ጉዳይ ነው። "ቡ" እና "ቢ"ን የሚለያቸው ቅጥያዋ ያለችበት ቦታ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ትንሽ ሆኖ ቶነሩም ካለቀ፣ ከዚያ ላይ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። መሥሪያ ቤት የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮፒው ነው። 12 ነጥብ አድርጉት፤ በመስመሮቹም መካከል አየር ይኑር። ስትጨርሱ አንድ ገጽ በጥቁርና ነጭ አውጡና ኮፒ አድርጋችሁ አንብቡት።

ሰንጠረዥ ካላችሁ አንድ ረድፍ ከወገቡ ተቆርጦ ግማሹ ሌላ ገጽ ላይ እንዳይሄድ "ብሬክ ኢንሳይድ አቮይድ" በሉት። የአምዶቹን ርዕስ በቲሄድ፣ ማለትም በሰንጠረዡ የራስጌ ክፍል ውስጥ ካስገባችሁት በየገጹ አናት ይደገማል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለ ቁጥር የምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መገልበጥ ይቀራል።

"እዚህ ይጫኑ" የሚል ቃል ወረቀት ላይ አይጫንም። አስፈላጊ ሊንኮች አድራሻቸው ከጎናቸው እንዲታተም አድርጉ። ሁሉንም አይደለም፣ ረጃጅሞቹ ገጹን ይሞሉታል።

ወረቀታችን ኤፎር ነው፣ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። ከውጭ የወረደ ቴምፕሌት ሌተር በሚባለው የአሜሪካ የወረቀት መጠን ተለክቶ ሊሆን ይችላል። እሱ በስፋት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ በቁመት ያንሳል። አረጋግጡ።

ስልክ ላይ ፕሪንት የሚለውን ፈልጎ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ "አትም" የሚል በተን ከጽሑፉ ሥር አስቀምጡ፤ የጃቫስክሪፕት አንድ መስመር ይበቃዋል።

ገጹ የሌላ ሰው ከሆነና እናንተ ተጠቃሚ ከሆናችሁ፣ ኮምፒዩተር ላይ በፋየርፎክስ ከፍታችሁ አድራሻው ጎን ያለችውን የንባብ ምልክት ተጫኑ። ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። ያንን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ላኩ፣ ሊንኩን አይደለም።

የጠቀስኳቸው የሲኤስኤስ መስመሮች ከቪዲዮው ሥር አሉ። ገልብጣችሁ ተጠቀሙባቸው።